ለቴነርና ለባስ ትሮምቦን የትኛው ማውዝፒስ? የምርጫ ንጽጽር

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ትሮምቦን የሚለማመዱ ጥቂት የሰፈር ወጣቶችን አግዛለሁ። ከእነርሱ አንዱ አምና ለሠርግ ማርሽ ሲዘጋጅ «ባሱን የምይዘው እኔ ነኝ» ብሎ 1½ጂ የተቀረጸበት ትልቅ ማውዝፒስ፣ ማለትም ትሮምቦኑ ላይ ተሰክቶ ከንፈር የሚያርፍበትን አፍ፣ ገዝቶ መጣ። የያዘው መሣሪያ ግን ለዝቅተኛ ድምፆች የተሠራው ባስ ትሮምቦን ሳይሆን ሰፊ ቱቦ ያለው ቴነር፣ ማለትም የተለመደው ትሮምቦን፣ ነበር። ማውዝፒሱ ልክክ ብሎ ገባለት፤ የታችኞቹ ድምፆች ወፈሩለት፤ ልጁም ደስ አለው። ሠርጉ ላይ ሦስተኛው ዘፈን ሲደርስ ግን ከንፈሩ በጠርዙ ውስጥ እየሰመጠ፣ የላይኞቹ ድምፆች አንድ በአንድ እየከዱት ሄደው በመጨረሻ ትራምፔቶቹ ብቻቸውን ቀሩ። ልጁ አልሰነፈም፤ ማውዝፒስ ስለሚሠራውና ስለማይሠራው ነገር የነገረው ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈውም እንደ እርሱ ሁለትና ሦስት ማውዝፒስ ፊቱ ተደርድሮ፣ በላያቸው ላይ ከተቀረጹት ቁጥሮችና ፊደላት ምንም ያልገባው ሰው፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በምን መመዘን እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ዋጋን በብር አልጠቅስም፤ ምንዛሬው ከወር ወር ስለሚለያይ የምጽፈው ቁጥር ሳይነበብ ያረጃል። የትኛው ከየትኛው እንደሚወደድ ግን በየቦታው እናገራለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ሻንኩ

የመጀመሪያው መመዘኛ የልክ እንጂ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ትሮምቦኑ ውስጥ የሚሰካው የማውዝፒሱ እግር ሻንክ ይባላል፤ በብዛት የሚገኘውም በሁለት ልክ ነው። ትንሹ ሻንክ ጫፉ ላይ በውጭ በኩል ሲለካ ወደ 11 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ ደግሞ ወደ 12.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለ ልክ በአንዳንድ የቆዩ የአውሮፓ መሣሪያዎችና ዩፎኒየሞች ላይ ያጋጥማል፤ እዚህ ከተማ ግን ብዙ ጊዜ አይገጥማችሁም።

የትሮምቦኑ የራሱ ቱቦ ስፋት ሌላ ቁጥር ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለተማሪ የሚሸጡት ቴነሮች፣ ለምሳሌ ብዙ ሰው የያዘው ያማሃ 354፣ የቱቦ ስፋታቸው 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚቀበሉት ትንሹን ሻንክ ነው። ቁጥሩ ከትልቁ ሻንክ ጫፍ ልክ ጋር መመሳሰሉ በአጋጣሚ ነው፤ «መሣሪያዬ 12.7 ነው» ብሎ 12.7 ሻንክ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። የቱቦ ስፋታቸው 13.9 ሚሊ ሜትር የሆኑት የኦርኬስትራ ቴነሮችና 14.3 አካባቢ የሆኑት ባስ ትሮምቦኖች ሁለቱም ትልቁን ሻንክ ይቀበላሉ። በመካከል ያሉት የ13.3 ቴነሮች አብዛኞቹ ትንሹን፣ አንዳንዶቹ ትልቁን ስለሚይዙ መሣሪያውን ይዞ ሄዶ መሞከር እንጂ በስም መገመት አያዋጣም።

ሙከራው ቀላል ነው። ልኩ የሆነ ማውዝፒስ በዝግታ ሲገፋ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ይቆማል፤ በጣት ግራና ቀኝ ሲነቀንቁትም አይወዛወዝም። ትልቅ ሻንክ ትንሽ መቀበያ ላይ ሲሞከር ደጃፉ ላይ ይቆማል፤ ለዚህ መፍትሔ የለውም። ትንሽ ሻንክ ትልቅ መቀበያ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጠልቆ ይወርድና ይወዛወዛል፤ ይህ አዳፕተር በሚባል ስስ የናስ ቀለበት ይስተካከላል። አዳፕተሩን ቶርኖ ቤት አሠርተው የሚጠቀሙ አይቻለሁ፤ የመጥበቢያው ተዳፋት በትክክል ካልወጣ ግን አየር ያስተነፍሳል፣ ቅኝቱንም ያበላሻል። ተሠርቶ የሚሸጠውን መግዛት ይሻላል።

በፊደሎቹ እኔ ራሴ ተታልያለሁ። ከዓመታት በፊት ውጭ አገር ያለች እህቴን 6½ኤኤል እንድትልክልኝ ጠየቅኋት፤ ሻጩ የትኛውን ሻንክ እንደምፈልግ ሳይጠይቃት ትልቁን ሰጣት። አራት ወር ጠብቄ የተቀበልኩት ማውዝፒስ ትሮምቦኔ አፍ ላይ እንደ ቡሽ ተቀመጠ። ባክ በሚባለው ፋብሪካ ስያሜ መጨረሻ ላይ ያለው «ኤል» ስለ ሻንክ አይናገርም፤ 6½ኤኤል በሁለቱም ሻንክ ይሠራል። ልዩነቱ ያለው በካታሎግ ቁጥሩ ነው፦ 350 ብሎ የሚጀምረው ትንሽ ሻንክ፣ 341 ብሎ የሚጀምረው ትልቅ ሻንክ ነው። ዴኒስ ዊክ በሚባለው ሌላ ፋብሪካ ስያሜ ግን የመጨረሻው «ኤል» ትልቅ ሻንክ፣ «ኤስ» ትንሽ ሻንክ ማለት ነው፤ ያማሃም በዚሁ መንገድ ይጽፋል። አንድ ፊደል በሁለት ፋብሪካ ሁለት ትርጉም አለው። ዕቃ የሚልክላችሁን ዘመድ የቁጥሩን ፎቶግራፍ እንዲልክ ጠይቁት፤ «ቴነር ማውዝፒስ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም።

ሌሎቹ መመዘኛዎች

ሻንኩ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመዘኑት ከንፈር የሚያርፍበት የጠርዙ ውስጣዊ ስፋት፣ ከጠርዙ ቀጥሎ ያለው ጎድጓዳ ክፍል፣ የጽዋው፣ ጥልቀት፣ የጉሮሮው ስፋት፣ የጠርዙ ቅርጽና የተሠራበት ነገር ናቸው። እኩል ክብደት ግን የላቸውም።

የጠርዙ ውስጣዊ ስፋት ከንፈር የሚያውቀው ነገር ነው። ስፋቱ ሲጨምር በጠርዙ ውስጥ የሚርገበገበው የከንፈር ሥጋ ይጨምራል፤ ድምፁ ይሰፋል፣ የታችኞቹ ድምፆች ይቀላሉ፣ በአንጻሩ የላይኞቹን ይዞ ለመቆየት የበለጠ ጡንቻ ያስፈልጋል። ሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ምን ለውጥ ያመጣል ይላል፤ ከንፈር ግን ከዚያም ያነሰውን ይለያል። ከ25 ወደ 27 ሚሊ ሜትር መዝለል ጫማን ሦስት ቁጥር አልፎ እንደ መግዛት ነው።

የጽዋው ጥልቀት ደግሞ አድማጭ የሚሰማው ነው። ጥልቅ ጽዋ ጥቁርና ክብ ድምፅ ይሰጣል፤ ጥልቀት የሌለው ጽዋ ብሩህና ሹል ድምፅ ይሰጣል፣ ከትራምፔትና ከሳክስፎን ጋር በመስመር ሲነፋም ጎልቶ ይሰማል። በባክ አጻጻፍ «ኤ» ጥልቅ፣ «ሲ» መካከለኛ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት «ዲ»ና «ኢ» ጥልቀታቸው እየቀነሰ የሚሄድ ሲሆኑ፣ «ጂ» ለትልልቆቹ የተሰጠ በጣም ጥልቅ ጽዋ ነው። ጀማሪው ጠርዙ የተመቸውን ይዞ ጽዋውን ይረሳል፤ ባንዱ ውስጥ ለምን እንደማይሰማ የሚገረመውም ከዚያ በኋላ ነው።

ጉሮሮው፣ ማለትም ከጽዋው ሥር ያለው ቀዳዳ፣ ለጠባብ ቴነር 6 ሚሊ ሜትርን ጥቂት ያልፋል፤ ለባስ ወደ 7 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ሰፊ ጉሮሮ ብዙ አየር ያስወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ረጅም ሐረግ ስንነፋ ትንፋሽ ቶሎ እንደሚያጥር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ለጀማሪ ሰፊ ጉሮሮ አልመክርም።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር ልጨምር። በባክና በዴኒስ ዊክ ቁጥሩ ሲያንስ ማውዝፒሱ ይተልቃል፤ በያማሃና በሺልኪ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይተልቃል። የባክ 12 ከ5 ያነሰ፣ የያማሃ 58 ከ48 የተለቀ ነው። የሁለት ፋብሪካ ቁጥሮችን ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ስለማይቻል ሁልጊዜ በሚሊ ሜትር ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ ካሊፐር (የስፋት መለኪያ) ይዞ መሄድ አያሳፍርም።

አማራጮቹ በመመዘኛዎቹ ሲታዩ

*12ሲ እና አቻዎቹ።* ከብዙ የጀማሪ ትሮምቦኖች ጋር አብሮ የሚመጣው ይህ ነው። ጠርዙ 24.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጽዋው መካከለኛ፣ ሻንኩ ትንሽ ነው። ድምፁ ብሩህና ቀጭን ሲሆን ለሕፃናትና ለትንሽ ከንፈር ይመቻል፤ ማርሽ ባንድ ውስጥ የላይኞቹን ድምፆች ለሚነፋም አያሳፍርም። ችግሩ ተማሪው ሲያድግ ነው፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በቋሚነት የተለማመደ ወጣት ድምፁ ወደ ታች ሲወርድ እየቀጠነ «ከዚህ በላይ አልሰፋም» የሚልበት ጊዜ ይመጣል። ባክ 7ሲ ከእርሱ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ለውጡ ግን ለብቻው ገንዘብ የሚወጣበት አይመስለኝም።

*6½ኤኤል፣ ያማሃ 48፣ ዴኒስ ዊክ 6ቢኤስ።* ሦስቱ አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ናቸው። ጠርዛቸው ወደ 25.4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የ6½ኤኤል ጽዋ ከ12ሲ ይልቅ ጠለቅ ስለሚል ድምፁ ሥጋ ይለብሳል፤ ያም ሆኖ በጠባብ ቱቦ ላይ አይከብድም። ትንሽ ሻንክ ያለው ቴነር ይዞ ሠርግም፣ የመድረክ ባንድም፣ መዝሙርም ለሚጫወት ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ተማሪዎቼን ከ12ሲ ወደዚህ ሳሸጋግር በመጀመሪያው ሳምንት ላይኛው ድምፅ ትንሽ ይደክማል፤ በሦስተኛው ሳምንት ትዝታ ቅኝትን ከላይ እስከ ታች በረጅም ትንፋሽ ሲነፉ ልዩነቱን እነርሱ ሳይሆኑ አጠገባቸው የቆመው ሰው ይነግራቸዋል።

*5ጂ፣ ያማሃ 51፣ ዴኒስ ዊክ 5ኤኤል።* እነዚህ ለሰፊው ቴነር፣ ለ13.9 ቱቦ የተሠሩ ናቸው። የ5ጂ ጠርዝ 25.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ6½ኤኤል በጠርዝ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ በጽዋውና በጉሮሮው ነው። ድምፁ ክብና ጥቁር ሲሆን ከሌሎች ትሮምቦኖች ጋር ይዋሃዳል፤ ለኦርኬስትራና ለክላሲክ ትምህርት ተገቢው ምርጫ ነው። ከሦስት ትራምፔት ጋር ውጭ ሜዳ ላይ ለሚነፋ ግን ድምፁ በነፋሱ ይበላል። 4ጂ፣ 26 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በዚሁ መንገድ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ከንፈሩ ወፍራም ለሆነና በየቀኑ ለሚለማመድ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ የሚገዛ አይደለም።

*1½ጂ፣ ያማሃ 58፣ ዴኒስ ዊክ 2ኤኤል።* እዚህ ላይ እውነተኛው ባስ ይጀምራል። የ1½ጂ ጠርዝ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለባስ ትሮምቦን ጀማሪ ከዚህ መነሳት ይበጃል፤ ታችኛውን ይከፍታል፣ ላይኛውንም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። 1¼ጂ (27.5) እና 1ጂ (28 ገደማ) ባስ ትሮምቦንን ዋና ሥራቸው ላደረጉ ሰዎች ናቸው፤ እነዚህን በሳምንት አንድ ቀን የሚነፋ ሰው ድምፁን ሳይሆን ትንፋሹን ብቻ ይሰማል።

ባስ ለመጫወት ማውዝፒስ ብቻ አይበቃም

መግቢያው ላይ ወደጠቀስኩት ወጣት ልመለስ። የእርሱ ስህተት በብዛት ስለሚደገም ትንሽ ልቆይበት። ቫልቭ (ሲጫኑት ተጨማሪ ቱቦ የሚከፍት ቁልፍ) የሌለው ቴነር ትሮምቦን ስላይዱን፣ ማለትም ተንሸራታቹን ቱቦ፣ እስከ መጨረሻው ሰባተኛ ቦታ ዘርግቶ የሚያገኘው ዝቅተኛው መደበኛ ድምፅ ከታችኛው መስመር ሥር ያለው ኢ ነው። ከዚያ ሥር እስከ መሠረታዊው ቢ ፍላት ድረስ ክፍተት አለ፤ ኢ ፍላት፣ ዲ፣ ዲ ፍላት፣ ሲ እና ቢ እዚያ ውስጥ ይጠፋሉ። የኤፍ ቫልቭ ያለው ቴነር እስከ ሲ ይወርዳል፤ ቢ ግን ይቀርበታል። ባስ ትሮምቦን ሁለተኛ ቫልቭ የተጨመረለት ይህንን ለመሙላት ነው። ስለዚህ ክፍተቱን የሚሞላው ቱቦ እንጂ ማውዝፒስ አይደለም። ትልቅ ማውዝፒስ ቴነሩ ቀድሞ ያሉትን የታችኞቹን ድምፆች ያወፍራል፤ የሌሉትን አይፈጥርም። ሰፊው ቴነርና ባሱ አንድ ሻንክ መጋራታቸው «ገባ» የሚለውን «ተስማማ» ብለን እንድንተረጉም ያሳስተናል።

በአንድ ዝግጅት ላይ ቴነርም ባስም የሚጫወት ሰው ሁለት ማውዝፒስ ይያዝ። አንዱን መካከለኛ መርጦ ለሁለቱም መጠቀም ቁጠባ ይመስላል፤ እንደ እኔ ግን ሁለቱንም መሣሪያ ግማሽ በግማሽ የሚያበላሽ ምርጫ ነው። ልምምድ ላይ ከቴነር ጀምሬ ወደ ባስ እሄዳለሁ፤ ከባስ ወደ ቴነር ስመለስ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ከንፈሬን አሳርፋለሁ።

ስለ ብረቱ፣ ስለ ወርቁና ስለ ፕላስቲኩ

አብዛኛው ማውዝፒስ የብር ቅብ ያለው ናስ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ይህ ይበቃል። የወርቅ ቅብ ጠርዝ ከንፈር ላይ ይለሰልሳል፣ ብር ቆዳቸውን ለሚያሳክካቸውም ይረዳል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል፣ ድምፅንም አያሻሽልም።

ስለ ፕላስቲክ ሰዎች ከሚሉት የተሻለ አስተያየት አለኝ። ፒቦን የሚባለው የፕላስቲክ ትሮምቦን ከራሱ 6½ኤኤል የፕላስቲክ ማውዝፒስ ጋር ነው የሚመጣው፤ ኬሊ የሚባለው ፋብሪካም በፖሊካርቦኔት ይሠራል። ክረምት ላይ ከከተማው ጥግ በጠዋት ለሰልፍ ስንቆም የብረት ጠርዝ ከንፈር ላይ እንደ በረዶ ነው፤ የፕላስቲኩ ግን ወዲያው ይሞቃል። ድምፁ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ርቆም አይሄድም። ዋጋው ከሁሉ የረከሰ ስለሆነ ግን በአንድ ትሮምቦን አራት ልጅ በሚማርበት ሰፈር ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ማውዝፒስ መስጠት ይቻላል፤ ለጤና ሲባል ብቻ እንኳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በፈላ ውኃ አታጥቡት፤ ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል።

| ማውዝፒስ | የጠርዝ ስፋት (ሚ.ሜ ገደማ) | ሻንክ | ድምፅ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| ባክ 12ሲ | 24.5 | ትንሽ | ብሩህ፣ ቀጭን | ሕፃናት፣ የመጀመሪያ ዓመት |
| ባክ 6½ኤኤል፣ ያማሃ 48፣ ዊክ 6ቢኤስ | 25.4 | ትንሽ (6½ኤኤልና 48 በትልቅም ይገኛሉ) | ሙሉ፣ ሚዛናዊ | ማርሽ፣ የመድረክ ባንድ፣ መዝሙር |
| ባክ 5ጂ፣ ያማሃ 51፣ ዊክ 5ኤኤል | 25.5 እና ከዚያ ጥቂት በላይ | በብዛት ትልቅ | ክብ፣ ጥቁር | ኦርኬስትራ፣ ክላሲክ ትምህርት |
| ባክ 4ጂ | 26 | ትልቅ | ሰፊ፣ ከባድ | ልምድ ያለው የሰፊ ቴነር ተጫዋች |
| ባክ 1½ጂ፣ ያማሃ 58፣ ዊክ 2ኤኤል | 27 | ትልቅ | ጥልቅ፣ ክፍት | የባስ ትሮምቦን ጀማሪና መካከለኛ |
| ባክ 1¼ጂ፣ 1ጂ | 27.5–28 | ትልቅ | በጣም ሰፊ | ባስን ሙያው ያደረገ |
| ፕላስቲክ 6½ኤኤል | 25.4 | በብዛት ትንሽ | ትንሽ የደበዘዘ | የጋራ መሣሪያ፣ ብርድ፣ አነስተኛ በጀት |

እንደ ኪሳችሁና እንደ ሥራችሁ

ገንዘባችሁ ጥቂት ከሆነ የፕላስቲክ 6½ኤኤል ግዙ፤ የተረፈውን ለስላይድ ዘይት አውሉት። ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የተቀረጸባቸው ርካሽ የብረት ማውዝፒሶች ከፕላስቲኩ ትንሽ ይወደዳሉ፤ ነገር ግን «6½ኤኤል» ተብሎ የተቀረጸባቸው ሁለት እንኳ እርስ በርስ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። በጣታችሁ ጠርዙን ሳትዞሩ፣ ትሮምቦናችሁ ላይ ሰክታችሁ ሳትነፉ አትክፈሉ።

መካከለኛ በጀት ያለውና ትንሽ ሻንክ የያዘ ሰው ባክ 6½ኤኤልን ወይም ያማሃ 48ን ይውሰድ፤ ከሁለቱ በቀላሉ የተገኘው ይበቃል። ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ፈተና የሚዘጋጅና ሰፊ ቴነር የሚዋስ ተማሪ በ5ጂ ላይ ይለማመድ፤ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ማውዝፒስ አይለውጥ። ባስ ትሮምቦን በእጁ ያለ ሰው ከ1½ጂ ይጀምር። ባስ ትሮምቦን የሌለው ሰው የባስ ማውዝፒስ አይግዛ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

የተጠቀሙበትን ከፒያሳ ወይም ከመርካቶ ለሚገዛ ሰው ሦስት የሚያያቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ብሩ ተገፍፎ ቢጫው ናስ ከታየ ይለፈው፤ ናሱ ከንፈር ያቆስላል፣ አረንጓዴ ምልክትም ይተዋል። ሁለተኛ፣ ጥፍሩን በጠርዙ ዙሪያ ያንሸራትት፤ ጥፍር የሚያሰናክል ጭረት ከንፈርንም ያሰናክላል። ሦስተኛ፣ የሻንኩን ጫፍ ብርሃን ላይ ይመልከት፤ ወድቆ ከሆነ ክብነቱ ይጠፋል፣ ያኔ በደንብ አይቀመጥም። ይህኛው ብቻ ከሆነ ችግሩ በሾጣጣ የብረት ዘንግ ቀስ ብሎ ስለሚስተካከል ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል።

ሙከራ ላይ ከፍ ያለውን ድምፅ አታስቀድሙ፤ አዲስ ማውዝፒስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ሻጩ ከፈቀደ ግማሽ ሰዓት ንፉበት፤ ረጅም ድምፅ፣ ከዚያ በዝግታ አንድ ቅኝት፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ። ከእረፍት በኋላ ያለው ሁለተኛው ዙር ነው የሚፈርደው።

ማውዝፒሱ ትሮምቦኑ ውስጥ ከተጣበቀ ደግሞ በፒንሳ አታዙሩት። የአንድ ተማሪዬ አባት ልጃቸውን ለመርዳት ብለው በፒንሳ ሲያጣምሙ መቀበያው ቱቦ ላይ ያለው ብየዳ ተላቀቀ፤ የጥገናው ወጪ ከአዲስ ማውዝፒስ በለጠ። ለዚህ የተሠራ የማውዝፒስ መንቀያ መሣሪያ አለ፤ ባንድ ያላቸው ሰዎች አንድ ገዝተው በጋራ ቢያስቀምጡ ለዓመታት ይበቃቸዋል። ያ እስኪገኝ መጋጠሚያው ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ሌሊቱን ማሳደር፣ ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ይዞ በቀጥታ መሳብ ብዙ ጊዜ ይሠራል።